ናፍጣ በአፌ እንደያዝኩ አቤት አልኩ

በየመንደሩ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ከበርሜል በጎማ በአፉ እየሳበ የሚያወርድ ሰው አለ። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀው የደረሰብኝን ብቻ ነው። ከደረሰብኝም ውስጥ እስከ ዛሬ በደንብ ያልገባኝ ነገር አለ። እሱንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ፤ ተደብቆ ቢቀር ኖሮ ዛሬ በሕይወት አልኖርም ነበርና።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እነዋሪ ነው፤ ሜዳ አገር፣ የሚመጣው ሰው ገና ከሩቅ የሚለይበት። ያገባሁት ግን ከአንኮበር ወረድ ብላ ገደል ጠርዝ ላይ ወዳለች መንደር ነው። እዚያ ጉሙ ከሰማይ አይወርድም። ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ሽቅብ ይወጣና በር ላይ ይቆማል። በመጣሁ ሰሞን በሩን ስከፍት ነጭ ነገር ተገትሮ ሳገኝ እደነግጥ ነበር። ኋላ ለመድኩት።

ባለቤቴ ሸዋንግዛው ከአባቱ የወረሰው የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ ወፍጮው በእኔና በእናቱ በእማማ ዘነበች እጅ ቀረ። እሱ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ በማለዳ ይመለሳል። መብራት ወደ መንደራችን ከገባ ቆይቷል፤ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሰዉ የሚተማመነው በእኛ ሞተር ነው። እማማ ዘነበች እህሉን ይመዝናሉ፣ እኔ እፈጫለሁ። ማታ ወደ ቤት ስንገባ ከሽፋሽፍታችን ላይ ዱቄት እናራግፋለን።

ናፍጣው የሚቀመጠው በትልቅ በርሜል ነው። ወደ ሞተሩ ለማውረድ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ እከትና በሌላው ጫፍ በአፌ እስባለሁ። አፌ ጋ ሲደርስ ቶሎ አውጥቼ ወደ ታች አዘቀዝቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይወርዳል። አንዳንዴ አፌ ውስጥ ይገባል። እተፋዋለሁ፣ እጉመጠመጣለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሸዋንግዛውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ አባቱም እንዲሁ። አደገኛ ነገር እየሠራን ነው ብለን አንድም ቀን አስበን አናውቅም።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አስፈጪዎቹ ሄደዋል፤ እማማ ዘነበች ቤት ገብተዋል። ጉሙ በወፍጮ ቤቱ በር ገብቶ ከዱቄቱ ብናኝ ጋር ተቀላቅሏል፤ የራሴን እጅ እንኳ የማየው በጭንቅ ነበር። ለነገ ናፍጣ ላዘጋጅ ብዬ ጎንበስ አልኩና ጎማውን ሳብኩ። ናፍጣው አፌን ሲሞላው ከኋላዬ፣ ከበሩ በኩል፣ አንዲት ሴት ጠራችኝ።

“ጥሩወርቅ።”

አልጮኸችም፤ አልቸኮለችም። አጠገቤ ቆማ ሥራዬን እስክጨርስ ስትጠብቅ የቆየች ትመስላለች። በእኛ አገር ሰው ያላየው ሰው ሲጠራው፣ ጥሪው እስኪደገም ድረስ አቤት አይልም፤ ክፉ መንፈስ ሁለቴ አይጠራም ይባላል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ወፍጮ ቤት የምትውል ሴት ግን አፏ ከልቧ ቀድሞ ነው የሚመልሰው።

አቤት አልኩ። አቤት ለማለት ሰው መጀመሪያ አየር ይስባል። እኔ የሳብኩት ናፍጣውን ነው።

ትን አለኝ። ውሃ ትን እንደሚለው ዓይነት አይደለም። ደረቴ ውስጥ ፍም የገባ መሰለኝ። በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ሳልኩ፤ እንባዬና ንፍጤ ወረደ፤ አየር ልስብ ስል ጉሮሮዬ ተዘጋብኝ። ጎማው ከእጄ አምልጦ ናፍጣው መሬት ላይ እየፈሰሰ በጉልበቴ ሥር ሲያልፍ ይሰማኛል። እንደምንም እየዳህኩ ጎማውን ከበርሜሉ አወጣሁትና ወደ በሩ ዞርኩ። ከጉሙ በቀር ማንም የለም። ደጁ ጭቃ ላይ ዱካ ነበረ፤ ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ ግን ዱካ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።

ሳሌን ሰምተው እማማ ዘነበች መጡ። ናፍጣ እንደዋጥኩና ሰው እንደጠራኝ ነገርኳቸው። ከሁለቱ የሰሙት ሁለተኛውን ነው።

“ማን ነው የጠራሽ?” አሉኝ።

“አላየኋትም።”

“አቤት አልሽ?”

“አልኩ።”

ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቁኝም። ወተት አሙቀው አጠጡኝ፤ መርዙ ይውጣ ብለው ጣታቸውን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተው እንዳስታውክ አደረጉኝ። ደግመው አጠጡኝ፣ ደግሜ አስታወክሁ። በእያንዳንዱ ትውከት ናፍጣው ተመልሶ በአየር ቧንቧዬ በኩል ወደ ሳንባዬ ይወርድ እንደነበር ያን ጊዜ እሳቸውም እኔም አናውቅም። በፍቅር ነው ያደረጉት።

ሳይመሽ ትኩሳቱ ጀመረኝ። ስተነፍስ ከውስጤ የሚወጣው የናፍጣ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሁልጊዜ እግሬ ሥር የሚተኛው ውሻችን ተነስቶ አፌን አሸተተኝ፤ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ከቤት ወጣ፤ በር ላይ ቆሞም ወደ እኔ ጮኸ። የሚጮኸው እንግዳ ሰው ሲያይ እንደሚጮኸው ነበር። እማማ ዘነበች ኩራዙን ከአጠገቤ አንስተው ጥግ አስቀመጡት። ትንፋሼ እሳት ይይዛል ብለው ፈርተው ነው።

በማግስቱ ጎረቤቶች ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ አወጡኝ። ጤና መኮንኑ ጀርባዬን አዳመጠና የሳንባ ምች ነው አለ። ናፍጣ እንደዋጥኩ ነገርኩት። የተዋጠ ነገር በሆድ ይወጣል፣ ፈሳሽ አብዢ አለኝ። መርፌ ተወጋሁ። ትኩሳቱ በረድ ብሎ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። ከዚያም አዲስ ነገር ተጨመረ፦ ስተነፍስ ደረቴ ውስጥ ሰው በደረቅ ገለባ ላይ የሚራመድ ዓይነት ድምፅ እሰማ ነበር። ትንፋሼን ስይዝ እርምጃው ይቆማል፤ ስለቅ ይቀጥላል። እማማ ዘነበች አንድ ቀን ጆሯቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው ሰሙት። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ጸበል ተወሰድኩ። ጸበልን ክፉ አልናገርም፤ የማምን ሰው ነኝ። እዚያ የነበሩት አባት ከሁሉም ሰው በፊት እውነቱን አዩ። ትንፋሽ አጥሮኝ ደረጃው ላይ ስቀመጥ አይተው እማማን ጠሯቸውና፣ ይህች ልጅ ጸበሉንም ትጠመቅ፣ ሐኪም ቤትም ትሂድ፣ ሁለቱ አይጣሉም አሏቸው። ያን ጊዜ ግን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን የሚዘጋበት ወቅት ነበር። ደብረ ብርሃን ቅርብ ነው ይባላል። መንገድ ሲዘጋ ግን ቅርብ የሚባል አገር የለም። ሸዋንግዛውም መምጣት አልቻለም፤ ስልኩም አንዳንዴ ነው የሚሠራው።

ስንጠብቅ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ለማታውቃት ጠሪ አቤት ያለች ሴት ተባልኩ። አስፈጪ ቀነሰ፤ ኋላም ቀረ። ሰዎች እህላቸውን ተሸክመው ገደሉን ዞረው ሌላ ወፍጮ ቤት መሄድ ጀመሩ። የሚጠይቁኝ ሰዎችም ስሜን አይጠሩም ነበር። “አንቺ” ይሉኛል፤ “የሸዋንግዛው ሚስት” ይሉኛል። ስሜን ከጠሩት ሌላ ነገር አቤት እንዳይላቸው ፈርተው መሆኑን አንዷ ጎረቤቴ ነገረችኝ። ሰው በራሱ ስም ሳይጠራ ሲከርም ቀስ በቀስ የሌለ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ሆንኩ።

በዚያ ላይ አክታዬ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ደጅ ተቀምጬ በጣሳ ውስጥ የተፋሁትን አየሁት። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና ተዘርግቷል፤ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ወርቃማ፤ ጣሳውን ሳነቃንቀው ቀለሙ ይዋኛል። ከሰው ደረት እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ደነገጥኩ። ያ የጠራኝ ነገር ውስጤ ገብቷል ብዬ አመንኩ። አመድ አለበስኩትና ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ አመድ አለብሰው ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ሸዋንግዛው መኪና ይዞ መጣ። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ቆየ። ከዚያ እናቱን ለምን ቀድመው አልላኩብኝም ብሎ ተቆጣቸው፤ እሳቸውም በየት በኩል ልላክብህ አሉት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አልተነጋገሩም።

ደብረ ብርሃን መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ራጅ ተነሳሁ። በቀኝ ሳንባዬ ላይ ቀዳዳ ታየ፤ ቀዳዳ፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ መክሳት፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ቲቢ ነው ተባለ። አክታዬ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ አንዳንዴ አይገኝም አሉንና የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። ናፍጣውን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁም። ካገባሁ ጀምሮ ናፍጣ ስስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተዋጠውም በሆድ ይወጣል ተብያለሁ፤ በሽታዬ ከእሱ ጋር የተገናኘ አልመሰለኝም። የእኔ ሐሳብ ሁሉ ጥሪው ላይ ነበር፤ ጥሪውን ደግሞ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው ማውራት አፈርኩ።

ሸዋንግዛው በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ተኛሁ። መድኃኒቱ ሽንቴን ቀይ ብርቱካናማ አደረገው። እንደዚያ እንደሚያደርግ አስቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ ደሜ እየፈሰሰ ያለቀ መሰለኝ። አከራያችን መጠጫዬን ለየችብኝ፤ አልፈረድኩባትም፤ ልጆች አሏት። ግን ቀስ እያለች በበሩ ሥር ትኩስ አጥሚት ታስቀምጥልኝ ነበር፤ በሩን መታ አድርጋ ትሄዳለች። ያን አጥሚት አልረሳውም። ምን ያህል ነገር እንደሸጥን መዘርዘር አልፈልግም። ሸዋንግዛው ከፋብሪካ ወጥቶ በየክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮኝ እየተሰለፈ፣ ተቀምጦ ይተኛ ነበር። ተራችን ሲደርስ እኔ ነበርኩ የምቀሰቅሰው።

እየባሰብኝ ሄደ። ከአልጋ ወደ በር መሄድ አቃተኝ፤ ከንፈሬ ጠቆረ። በመጨረሻ ሆስፒታል ገባሁ፤ አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደረገልኝ፤ ከአልጋዬ አጠገብ ረጅም ሲሊንደር ቆመ።

እዚያ ሳለሁ ነው ሴትዮዋን ያየኋት።

እኩለ ቀን ነበር። በመስኮቱ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ገብታ ክፍሉ ብርሃን ነው። ከፊት ለፊቴ ያለው አልጋ ባዶ ነበር፤ ቀና ስል ግን አንዲት ሴት ተቀምጣበታለች። ጸጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ በዱቄት ነጭ ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች። የለበሰችው ወፍጮ ቤት የምለብሰውን የእኔን ቀሚስ ነው። አላስፈራራችኝም። ያስፈራኝ ደረቷ ነው። ደረቷን አየሁት፣ ቆይቼም አየሁት፤ አይነሳም፣ አይወርድም። አትተነፍስም።

በዚያ ሰዓት የምታልፈው ነርስ ሲስተር ብርቄ ነበረች። በጣቴ ጠቆምኳት። ወደ ባዶው አልጋ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የሲሊንደሩን መለኪያ አየች። ሮጣ ወጣች። ሌላ ሲሊንደር እየገፉ መጥተው ሲቀይሩልኝ አየሩ ወደ አፍንጫዬ ገባ፤ ሴትዮዋ እየሳሳች ሄደች። ፀሐይዋና አንሶላው ቀሩ።

ሲስተር ብርቄ አጠገቤ ተቀመጠችና አየር ሲያጥር አእምሮ የሌለ ነገር እንደሚያሳይ አስረዳችኝ። ኦክስጅኑ አልቆ ነበር። “ደግማ ከመጣች ዝም ብለሽ እንዳታያት፤ ቶሎ ጥሪኝ” አለችኝ።

ደግማ መጣች። ቱቦው ታጥፎ ነበር። ሌላም ጊዜ መጣች፤ ያን ጊዜ መለኪያው ከግማሽ በላይ ነው ይላል። ሲስተር ብርቄ ግን እኔን አምና ስታየው የሲሊንደሩ መክፈቻ ላልቶ አየሩ በጎን ያመልጣል። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋን መፍራት ተውኩ። የምፈራው እሷ መጥታ እኔ መናገር የሚያቅተኝን ቀን ነበር።

እማማ ዘነበች ስንቅ ይዘው ከአንኮበር ተመልሰው በመጡ ማግስት አዲስ ሐኪም ወደ ክፍላችን መጣች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ስታዳምጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። አክታዬ እንደገና ተመርምሮ ቲቢ እንዳልተገኘበት ነገረችን። መድኃኒቱ ቲቢን ቢያገኝ ኖሮ እስካሁን ይሻልሽ ነበር አለችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ከመታመሜ በፊት ጤነኛ ሆኜ የዋልኩትን የመጨረሻ ቀን እንድነግራት ጠየቀችኝ።

የተናገሩት እማማ ዘነበች ናቸው። ጉሙን፣ ጥሪውን፣ አቤት ማለቴን፣ ውሻው መሸሹን፣ ሁሉንም ነገሯት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም፤ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረች።

“አቤት ስትዪ አፍሽ ውስጥ ምን ነበር?” አለችኝ።

“ናፍጣ” አልኳት።

አክታዬ ላይ የተለየ ነገር አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቀስተ ደመናውን ነገርኳት፤ አመድ ሳለብሰው እንደኖርኩም ነገርኳት። በብልቃጥ ያለውን አክታ ወስዳ መስኮቱ ጋ በፀሐይ አዘነበለችው። ሸዋንግዛውን ጠርታ አሳየችው። እማማ ዘነበችም አዩት። ቀለሙ ይዋኝ ነበር።

ኩሬ ላይ ናፍጣ ሲፈስ የሚታየው ቀለም ነው አለችን። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ላምባ ቀጫጭን ፈሳሾች ናቸው፤ ሆድ ውስጥ ቢገቡ ያን ያህል አይጎዱም፤ በትንታ ወይም በትውከት ጠብታው ወደ ሳንባ ከገባ ግን ውሃ ላይ እንደሚዘረጉት ሳንባው ውስጥ ተዘርግተው ያቃጥሉታል። የእኔ ሳንባ አንድ ጎኑ ተቃጥሎ ሞቷል፤ በሞተው ቦታ ላይ አየር የሞላበት ከረጢት ተፈጥሯል። ቲቢ የመሰለው ቀዳዳ እሱ ነው። የራጁን ፊልም በብርሃን ላይ አንስታ አሳየችኝ። ክብ፣ ባዶ ክፍል ይመስላል፤ ከታቹ ውሃ አቁሯል፤ ውሃው ልክ በቤት ወለል ላይ እንደተኛ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል። ውስጤ ማንም የማይኖርበት ቤት መኖሩን በዓይኔ አየሁ።

እማማ ዘነበች ጠየቁ። “ታዲያ የጠራቻትስ?”

“እማማ፣ ማን እንደጠራት እኔ አላውቅም” አለቻቸው ዶክተሯ። “ሳንባዋ ውስጥ የገባው ግን ናፍጣ ነው።”

ወተቱንና ማስታወኩንም ጠየቋት። ዶክተሯ እጃቸውን ይዛ፣ ነዳጅ የጠጣን ሰው እንዲያስታውክ ማድረግ እንደማይገባ፣ ሲያስታውክ ነዳጁ ተመልሶ ወደ ሳንባ እንደሚገባ፣ ይህንንም ብዙ ሰው እንደማያውቅ ነገረቻቸው። እማማ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሸዋንግዛው ተከትሏቸው ወጣ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲመለሱ ግን ክንዳቸውን ይዞ ነበር። እሳቸው ከታች ለብ ያለ ውሃ አምጥተው እግሬን አጠቡኝ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም፤ መነጋገርም አላስፈለገንም።

የቲቢው መድኃኒት ቆመ። ናፍጣውን የሚያወጣ መድኃኒት እንደሌለ ተነገረኝ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ቁስለት በመርፌ ማከም፣ አየር መስጠት፣ መጠበቅ ብቻ ነው። ጠበቅን። ጎኔን ስገለብጥ ውሃው ውስጤ ሲንቦጫረቅ እሰማው ነበር፤ በእንስራ ግማሽ ድረስ ያለ ውሃ ሲነቃነቅ እንደሚሰማው። አንድ ቀን ተገላብጬ ምንም አልሰማሁም። እንደገና ተገላበጥኩ። ሲስተር ብርቄ ምን ሆንሽ ብላ እስክትቆጣኝ ድረስ ተገላበጥኩ። ውሃው ደርቆ ነበር። ነጯም ሴት አልተመለሰችም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ በየጊዜው ራጅ እየተነሳሁ ስመላለስ ያ ባዶ ክፍል እየጠበበ ሄደ። ዛሬ በቦታው ጠባሳ ብቻ ነው ያለው። ሙሉ ጤነኛ ነኝ አልልም፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ እቆማለሁ፤ ብርድ ሲመጣ እስላለሁ። ቤት ስመለስ ውሻው ደጅ ላይ አሸተተኝና እግሬ ሥር ተኛ። ሸዋንግዛው ከደብረ ብርሃን በእጅ የሚዞር የነዳጅ ፓምፕ አምጥቶ በርሜሉ ላይ ገጠመ። ጎማውን እማማ ዘነበች ቆራርጠው ጣሉት።

ያን ቀን የጠራኝ ሰው ካለ ብዬ መንደሩን ጠይቄያለሁ። እህል ይዞ መጥቶ በጉሙ ምክንያት የተመለሰ፣ ልጁን የጠራ፣ በመንገድ ያለፈ። እኔ ነኝ ያለ አልመጣም። ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እስኪመጣ ድረስ ግን መልሱን ሳልይዝ መኖር ለምጃለሁ።

አስፈጪዎቻችን ወዲያው አልተመለሱም። አንዳንዱ ዱቄት ያስቸገረው ቀን ይመጣል፤ ሌላው ከሩቅ ሰላም ይለኛል። በዚህ መካከል አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤታችን አልማዝ ገና መሄድ የጀመረች ሴት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ነበር፤ ልጅቷ ውሃ መስሏት ተጎንጭታለች። ትስላለች፤ ሽታው ከአፏ ይመጣል። ከኋላ የተከተሉት ሴቶች አንዷ ወተት ይዛለች፤ ሌላዋ ልጅቷን ዘቅዝቀሽ እንድታስታውክ አድርጊያት ትላለች።

“እንድታስታውክ እንዳታደርጓት” አልኩ። “ምንም አታጠጧት። ጠርሙሱን አምጡና ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።”

ሰዎቹ አመነቱ። በእኔ ላይ የሆነውን ያውቃሉ፤ ያንኑ ደግሞ ይፈሩታል። እማማ ዘነበች ከመደባቸው ተነሱ፤ ልጅቷን ከአልማዝ ተቀብለው አዘሏትና ነጠላቸውን አጥብቀው አሰሩ። “እሷ ያለችው ይሁን” አሉና ዳገቱን ጀመሩት። በእሳቸው ዕድሜ እንደዚያ ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም። እኔ መከተል አልቻልኩም። መሃል መንገድ ላይ ትንፋሼ አለቀ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጠርሙሱን ለአልማዝ ሰጠኋት፤ ምን እንደጠጣች፣ መቼ እንደጠጣች ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪው፣ ደህና ብትመስልም ይዛችሁ እንዳትመለሱ አልኳት። ወዲያው ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚጥለው። ጉሙ መጥቶ እነሱን ሸፈናቸው። የእግራቸው ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ። ከዚያ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እየሰማሁ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ትሙት ትኑር የማላውቅበት ያ ጊዜ ከሆስፒታሉ ይልቅ ረዘመብኝ።

ቀስ እያልኩ፣ እየቆምኩ፣ ጤና ጣቢያ ስደርስ ልጅቷ አልጋ ላይ ነች። ጤና መኮንኑ አዳምጧታል፤ ትንሽ ፈጠን ያለ ትንፋሽ አላት፤ ስላላስታወከች ዕድለኛ ነች ብሏል፤ እስከ ነገ እዚሁ እያየናት ትቆያለች ብሎ ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርጎላታል። አልማዝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር ይዛለች። እማማ ዘነበች ግድግዳ ተደግፈው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሊሸኟት ሲሉ ጤና መኮንኑን አስፈቅጄ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ተኝታለች። ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። አየሩ ይገባል፤ ይወጣል፤ ሌላ ምንም የለም። እንደገና አዳመጥኩ። የማመን ነገር ስለሚያስቸግረኝ ሦስተኛም አዳመጥኩ። ጭንቅላቴ ከብዷት ነው መሰል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ በትንሽ እጇ ገፋ አደረገችኝና ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ እንቅልፏን ቀጠለች።